የጆሮ ቁጥር እንደ አዲስ ልንጀምር ነው፤ 640 ከብት፣ ሦስት "47"። ምከሩኝ

መዝገብ ያዧ (ደብረ ብርሃን)፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018

ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የወተት ማኅበር ውስጥ መዝገብ ያዥ ነኝ። አባሎቻችን 200 አካባቢ ናቸው። ከብቱ 640 ገደማ ነው፤ አብዛኛው የሆልስቲን ድቅል፣ ጥቂት ጀርሲ፣ ጥቂት የአገር። ዘንድሮ የዘር ሐረግ መዝገብ ልንጀምር ወስነናል። አባት፣ እናት፣ የተወለደችበት ቀን፣ የወተት መጠን ሁሉ የሚጻፍበት።

ችግራችን ቁጥር ማጣት አይደለም። ቁጥር በዝቶብናል። ባለፉት ዓመታት ሦስት ፕሮጀክቶች መጥተው ሄደዋል። ሦስቱም ከ001 ጀምረው ለጠፉ። አንዷ ላም በግራ ጆሮዋ ሁለት፣ በቀኙ አንድ ተደርጎላት ነበር፤ ጉትቻ ያበዛች ሙሽራ ነበር የምትመስለው። ቢጫው 47 ይላል። ነጩ 112 ይላል። ብርቱካናማው ወድቆ ቀዳዳው ብቻ ቀርቷል።

ሰኔ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። አንድ አባላችን ማታ ደወሉልኝ። ጊደራቸው ኮርማ ፈልጋለች። "ቁጥሯ ስንት ነው?" አልኳቸው። "47" አሉኝ። መዝገቡን ገልጬ የ47ን አባት አየሁ። አዳቃያችን ጠዋት የሌላ ኮርማ ዘር ይዞ ሄደ። ለካ እኔ ያየሁት የቢጫውን 47 ነው፤ የእሳቸው ጊደር ነጩ 47 ናት። ወረቀቱን ከሳምንት በኋላ ሳጣራ ጊደሯን ያዳቀልናት በገዛ አባቷ ዘር ነው። ለሰውየው ስነግራቸው ዝም አሉ። ከዚያ "እኔኮ ቁጥሯን በትክክል ነው ያነበብኩት" አሉ። እውነታቸውን ነው።

አሁን ያሰብኩት ቁጥር ይህን ይመስላል፦ 02-17-75-ሴ-047። ቀበሌ፣ የልደት ዓመት፣ የውጭ ዝርያ ደም መጠን በመቶኛ፣ ፆታ፣ ተራ ቁጥር። ጆሮዋን አይቶ ሁሉን ማወቅ ይቻላል ብዬ ነው። ሊቀመንበራችንም ወደውታል። ታጉን (ጆሮ ላይ የሚሰካውን የቁጥር ምልክት) ከማዘዛችን በፊት ስህተት ካለው ንገሩኝ።

---

አሮጌው በረት፣ ጥቅምት 4

ልጄ፣ ጥሩ አስበሻል። እኔ በመንግሥት የወተት እርሻ ላይ ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። የእኛም ቁጥር ዓመትና ተራ ነበረው። በረት ውስጥ ስታልፊ ዓመቱን አይተሽ "ይቺ ሦስተኛዋን ልትወልድ ነው" ትያለሽ። መዝገብ አትገልጪም። ደሙን መጨመርሽ ግን በዛ። የቀረው ያስኬዳል።

---

አዳቃዩ፣ ጥቅምት 4

እህቴ፣ ሊቀመንበሩ ሳያዝዙ አስቁሚያቸው።

ሥራዬ ማዳቀል ነው። ሞተር ላይ የኮርማ ዘር በቅዝቃዜ የሚቆይበትን ናይትሮጅን ጭኜ ቀኑን ሙሉ ስዞር እውላለሁ። ያንቺን ቁጥር በስልክ ሰው ሲያነብልኝ አስቢው። "ዜሮ ሁለት፣ አሥራ ሰባት፣ ሰባ አምስት፣ ሴ፣ ዜሮ አርባ ሰባት።" ሞተሩ እየጮኸ ነው። ውሻው እየጮኸ ነው። እኔ መዳፌ ላይ በእስክሪብቶ የምጽፈው "1775-47" ነው። ማታ ወደ መዝገቡ ሳዛውረው ሌላ ነገር ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ያ 75 ውሸት ነው። ይቅርታ፣ ግን ነው። የደም መጠን የሚታወቀው አባቱ በትክክል ሲታወቅ ነው። አሁን ራስሽ ነገርሽን፣ አባቱን ተሳስታችኋል። ነገ ትክክለኛው አባት ሲገኝ 75ቱ 62.5 ይሆናል። ጆሮዋን ልትቀይሪ ነው?

---

መዝገብ ያዧ፣ ጥቅምት 5

@አዳቃዩ፣ ስለ 75ቱ እውነትህን ነው፤ አላሰብኩትም። ቀበሌውስ? ቀበሌ አይቀየርም።

---

አዳቃዩ፣ ጥቅምት 5

ቀበሌው አይቀየርም፣ ላሟ ግን ትሸጣለች። 02 የተወለደችው 05 ውስጥ ስትታለብ ቁጥሯ 02 ይላል። አዲሱ ባለቤት "የሰው ላም ነው እንዴ የሸጡልኝ?" ይልሻል። ደርሶብኛል።

---

የቢሾፍቱ ሐኪም፣ ጥቅምት 5

ስለ ሰኔው ጉዳይ በቅድሚያ። አባት ከሴት ልጁ ጋር ሲዳቀል የጥጃው የዘመድ ርባታ መጠን 25 በመቶ ነው። አንድ ጥጃ ነው፣ ዓለም አያልቅም። ሴት ከሆነች ግን ለርባታ አታስቀሯት። መዝገቡ ላይም በግልጽ ጻፉት፤ አትደብቁት።

ወደ ቁጥሩ ስመጣ ከአዳቃዩ ጋር ነኝ። ከብት ላይ የሚንጠለጠለው ቁጥር ምንም ባይናገር ይሻላል። የሚናገረው መዝገቡ ይሁን። መዝገብ በእርሳስ ይታረማል፣ ጆሮ ግን አይታረምም። ቁጥር ውስጥ መግባት ያለበት ከብቷ እስክትሞት የማይለወጥ ነገር ብቻ ነው። ዘሩ ሊታረም ይችላል። ባለቤቱ ይለወጣል። ፆታ እንኳ... የጥጃ ፆታ ተሳስቶ የተጻፈበት መዝገብ አላየሁም የሚል እጁን ያውጣ።

---

አሮጌው በረት፣ ጥቅምት 5

ዓመቱስ ዶክተር? የልደት ዓመት አይለወጥም።

---

የቢሾፍቱ ሐኪም፣ ጥቅምት 5

ጋሼ፣ ዓመቱ አይለወጥም። ግን የማን አቆጣጠር ነው?

አንድ እርሻ ላይ የገጠመኝን ላውራ። ታጉ 17 ይላል። መዝገቡን የያዘው ልጅ 2017 በእኛ ብሎ ነው የጻፈው። በፊት የነበረው ደግሞ በፈረንጁ ነበር የሚጽፈው። ስለዚህ 17 የምትል የአንድ ዓመት ጥጃ አለች። 17 የምትል የስምንት ዓመት ላምም አለች። ጥርሷን ገልጦ ላየ ልዩነቱ አይጠፋውም። ወረቀት ግን ጥርስ የለውም። ኮምፒውተሩ ሁለቱንም የአንድ ዓመት ልጆች አድርጎ አማካይ የወተት መጠን ሲያወጣልን የአንድ ዓመት ጥጃ 14 ሊትር እየታለበች ነበር።

ችግሩ እዚህ አያበቃም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ አካባቢ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። ኅዳር የተወለደችና የካቲት የተወለደች ጥጃ በእኛ የአንድ ዓመት ናቸው፣ በእነሱ የሁለት። የዘር መዝገቡን አንድ ቀን ከውጭ ጋር እናገናኛለን ካላችሁ ይህ ራስ ያዞራችኋል።

---

ፊደል ቆጣሪ፣ ጥቅምት 6

ታዲያ ለዓመቱ ለምን ፊደል አንጠቀምም? ሰሜን አሜሪካኖች የሚያደርጉት ነው። ለየዓመቱ አንድ ፊደል። እኛ የራሳችን ፊደል አለን። 2018 = ሀ፣ 2019 = ለ፣ 2020 = ሐ፣ 2021 = መ... ከእነሱ በላይ ፊደል አለን፣ ለ33 ዓመት አይደገምም።

---

አዳቃዩ፣ ጥቅምት 6

ወንድሜ፣ "ሀ 47" ብሎ በስልክ ሲነግረኝ የትኛው ሀ ነው?

---

ፊደል ቆጣሪ፣ ጥቅምት 6

ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። የአብነት ተማሪ እንዲህ ነው የሚለየው።

---

አዳቃዩ፣ ጥቅምት 6

😂 ላሟ ኮርማ ፈልጋ እየዘለለች፣ እኔ ስልክ ላይ "ንጉሡ ሠ ነው እሳቱ ሰ?" ብዬ ልጠይቅ?

---

የዊስኮንሲን አበሻ፣ ጥቅምት 6

@ፊደል ቆጣሪ፣ ሐሳብህ መጥፎ አይደለም። ግን አሜሪካኖቹም ራሳቸው ሁሉንም ፊደል አይጠቀሙም። አይ፣ ኦ፣ ኪው እና ቪን ጥለዋቸዋል። አይ ከ1፣ ኦ ከ0 ጋር ይምታታል። 2025 በፈረንጁ "ኤን" ነው፣ 2026 ኦ ተዘልሎ "ፒ" ይሆናል። እኛም ብናደርገው ሐን፣ ኀን፣ ሠን፣ ዐን፣ ፀን መጣል አለብን። “በ” እና “ሰ” ደግሞ ጭቃ ሲነካቸው አንድ ናቸው።

እዚህ የወተት በረት ውስጥ ስሠራ ስድስት ዓመቴ ነው። ይፋዊው ታግ 15 አሃዝ ነው። በ840 ይጀምራል፤ 840 የአሜሪካ የአገር ኮድ ነው። የቀሩት 12 አሃዞች ዓመትም፣ ክፍለ ሀገርም፣ ዘርም አይናገሩም። ተራ ቁጥር ናቸው በቃ። ከ2024 ኅዳር (በፈረንጁ) ጀምሮ ደግሞ ወተት ላም ከአንድ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላ የምትሻገር ከሆነ አዲስ የሚደረግላት ታግ በዓይንም በመሣሪያም የሚነበብ መሆን አለበት። ግን እኛ በረት ውስጥ 15 አሃዝ ማንም አይጠራም። ሌላ ትልቅ ታግ አለ፣ አራት አሃዝ። "4418 አልበላችም" እንላለን። ሁለት ሥራ፣ ሁለት ቁጥር፣ በመዝገብ የተያያዘ።

---

ቂቡጽ የነበርኩ፣ ጥቅምት 6

እዚህ እስራኤል በሠራሁበት በረት ቁጥሩ ዳሌዋ ላይ ነው፣ ትልቅ፣ ነጭ። በቅዝቃዜ ይታተማል። ማተሚያውን ናይትሮጅን ውስጥ ነክረው ይጭኑባታል፤ ጠጉሩን የሚያጠቁረው ሕዋስ ይሞትና ጠጉሩ ነጭ ሆኖ ይበቅላል። ከኋላ ሆነህ ስታልብ ታነበዋለህ። ታግ ግን ከኋላ አይታይም። ለምን አታስቡበትም?

---

አዳቃዩ፣ ጥቅምት 6

ናይትሮጅን? ለዘሩም አልበቃን! ደግሞ በሆልስቲን ነጭ ቦታ ላይ ነጭ ቁጥር ምን ሊታይ ነው?

---

ቂቡጽ የነበርኩ፣ ጥቅምት 7

ነጩ ላይ ሲሆን ማተሚያውን ረዘም አድርገው ይይዙታል፤ ጠጉሩ ጭራሽ አይበቅልም፣ ቆዳው ይታያል። የናይትሮጅኑ ነገር ግን ገባኝ።

---

ያቤሎ፣ ጥቅምት 7

እኛ ጋ ከታግ በፊትም ምልክት አለ። በጋለ ብረት የሚተኮስ አለ፣ ጆሮ የሚቀደድ አለ። ከሩቅ የመጣ ሰው ቀንድ ከብቱን አይቶ የማን ጎሳ እንደሆነ ያውቃል። ከብት ሲጠፋ የሚመለሰው በዚያ ነው። ያ ምልክት ግን "የማን ናት?" ለሚለው ነው የሚመልሰው፣ "የትኛዋ ናት?" ለሚለው አይደለም። የትኛዋ እንደሆነች እረኛው በመልኳ ያውቃታል። እናንተ መዝገብ የምትፈልጉት እረኛው ስለሌላችሁ ነው 🙂

መተኮሱ ቆዳ ያበላሻል ብለው ይቆጡናል፤ እውነት ነው ያበላሻል።

---

መዝገብ ያዧ፣ ጥቅምት 7

ሁላችሁንም አንብቤያለሁ። ስለዚህ ተራ ቁጥር ብቻ? ከ00001 ጀምሬ ልቀጥል? ሊቀመንበራችን "ይህንንማ ሕፃን ልጅም ያወጣዋል" ሊሉኝ ነው።

---

የቢሾፍቱ ሐኪም፣ ጥቅምት 7

ይበሉሽ። አምስት አሃዝ በቂ ነው። በዓመት 300 ጥጃ ብትመዘግቡ እንኳ 99,999 ለመድረስ ከ300 ዓመት በላይ ይፈጅባችኋል። የሞተች ላም ቁጥር ለሌላ አይሰጥም፤ ይህን በቀይ ጻፊው። አንድ ቦታ ላይ ታግ እንዳይባክን ብለው የታረደችውን ላም ታግ ነቅለው ለጥጃ አደረጉት። ጥጃዋ በመዝገብ ላይ የሁለት ጥጃ እናት ሆና ተገኘች።

---

ሰንዳፋ ወተት፣ ጥቅምት 7

አንድ ነገር ልበል? ማንም አላነሳውም።

እናንተ ከ00001 ትጀምራላችሁ። እኛም ሰንዳፋ ላይ ይህን ክር አንብበን ከ00001 እንጀምራለን። ፊቼም ይጀምራል። ከዚያ የኛን ጊደር እናንተ ትገዛላችሁ። እህቴ፣ አራተኛው ፕሮጀክት አንቺ መሆንሽ ነው።

---

መዝገብ ያዧ፣ ጥቅምት 7

...ልክ ነህ። እውነት ለመናገር ደነገጥኩ።

---

የዊስኮንሲን አበሻ፣ ጥቅምት 8

የእንግሊዞቹን አሠራር እዩት። እነሱ ጋ በ1996 (በፈረንጁ) የእብድ ላም በሽታው ቀውስ ከመጣ በኋላ ነገሩ ጠበቀ። ቁጥራቸው የመንጋ ቁጥር 6 አሃዝ፣ ማረጋገጫ 1 አሃዝ፣ የከብቷ ተራ 5 አሃዝ ነው። የመንጋው ቁጥር የተወለደችበትን በረት ነው የሚናገረው፣ አሁን ያለችበትን አይደለም። ስትሸጥ አይቀየርም። ስለዚህ ሐኪሙ ያለውን አያፈርስም፤ ቁጥሩን ማን እንደሰጣት እስክትሞት አይለወጥም።

ለእናንተ ሁለት ወይም ሦስት አሃዝ የማኅበር ኮድ ይበቃል። ግን ኮዱን ራሳችሁ አታውጡ። ከዞን የእንስሳት ጽሕፈት ቤት ወይም ከዩኒየናችሁ ጋር ተነጋግራችሁ አንድ ሰው አንድ ዝርዝር ይያዝ።

ሌላ ማስጠንቀቂያ። ከኢንተርኔት በመሣሪያ የሚነበብ ታግ ብትገዙ ቁጥሩ በ9 የሚጀምር ሊሆን ይችላል። ከ900 እስከ 998 ያለው የፋብሪካ ኮድ ነው። የኢትዮጵያ ኮድ 231 ነው፤ ነገር ግን ለፋብሪካ "231 ብለህ አትምልኝ" ማለት የእናንተ ሥልጣን አይደለም። የአገሪቱ ነው።

---

ሰንዳፋ ወተት፣ ጥቅምት 8

ማረጋገጫ አሃዝ ማለት ምንድን ነው?

---

ፊደል ቆጣሪ፣ ጥቅምት 8

ይህን ለእኔ ተውልኝ፣ የሒሳብ መምህር ነኝ 😎

ቁጥሩ ላይ አንድ አሃዝ ትጨምራለህ። አሃዙ ከቁጥሩ ራሱ በሒሳብ ይወጣል። ሰው ሲያሳስት ሒሳቡ አልገጥም ይላል። ቀላሉ ለ7 ማካፈል ነው። 472ን ለ7 አካፍል፣ 3 ይተርፋል። ስለዚህ 00472-3። አንድ ሰው አሃዝ አገላብጦ 00427-3 ብሎ ቢያነብ፣ 427 ለ7 ሲካፈል ምንም አይተርፈውም። 3 አይደለም። ስህተት!

---

አዳቃዩ፣ ጥቅምት 8

411 እና 418ን ሞክር። ሁለቱም 5 ነው የሚተርፋቸው። ጭቃ የነካው ታግ ላይ 1 እና 8 አይምታቱም ያለህ ማን ነው?

---

ፊደል ቆጣሪ፣ ጥቅምት 9

አዳቃዩ፣ ሒሳብ ተምረሃል እንዴ? ትክክል ነህ። በ7 የሚበላለጡ አሃዞች (1 እና 8፣ 2 እና 9፣ 0 እና 7) ያመልጣሉ።

ስለዚህ በ11 እናካፍል። 471ን ለ11 ስናካፍል 9 ይተርፋል። 00471-9። አንድ አሃዝ ብቻ ከተሳሳተ ሁሌም ይያዛል፤ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ቢገላበጡም ይያዛል። አንድ ጣጣ አለው። አንዳንዴ 10 ይተርፋል፣ 10 ደግሞ አንድ አሃዝ አይደለም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ 10 የሚተርፈውን ቁጥር ዝለሉት። 472 ራሱ 10 ነው የሚተርፈው፣ ስለዚህ ከ471 ወደ 473 ትሄዳላችሁ። ከ11 ቁጥር አንዱን ታጣላችሁ፤ 99,999 እያላችሁ ማን ይቆጫል?

የማኅበሩን ኮድ ግን ሒሳቡ ውስጥ ማስገባት አትርሱ።

---

አሮጌው በረት፣ ጥቅምት 9

ይህ ሁሉ ሒሳብ... እኔ በዘመኔ ወይኒትን "ወይኒት" ብዬ ነበር የምጠራት። ቁጥሯ 31 ነበር። "31" ብላት አትዞርም።

---

እናቴ ያለችኝ፣ ጥቅምት 9

የጋሽ አሮጌው ነገር ሌላ ነገር አስታወሰኝ። እናንተ ስለ አሃዝ ትከራከራላችሁ፣ ገበሬው ግን ከብቱን ያሳያችኋል? እኛ ጋ ሊመዘግቡ ሲመጡ ጎረቤታችን ሁለት ወይፈን ወደ ወንድሙ ቤት ነድቶ አሳደረ። "ቁጥር ከሰጡ በኋላ ግብር ይመጣል" ብሎ። እናቴ ደግሞ ከብት መቁጠር ራሱን አትወድም። "ሲቆጠር ያልቃል" ትላለች። ልጁ ጮክ ብሎ "አንድ፣ ሁለት" ሲል ከቤት ወጥታ ሄደች።

ከታጉ በፊት ሰዉን ሰብስባችሁ ምን እንደምታደርጉበት ንገሩት። እኛን ያሳመነን አንድ ነገር ነው፤ ላሚቱ ብትጠፋ ወይም ብትሰረቅ በቁጥሯ ትፈለጋለች የሚለው።

---

መዝገብ ያዧ፣ ጥቅምት 9

@እናቴ ያለችኝ፣ እኛም ጋ አለ። አንዲት እናታችን "ጆሮዋን ስትበሷት ወተቷ ይቀንሳል" ብለው በር ዘግተውብናል። አልፈርድባቸውም። ባለፈው የለጠፉት ልጆች ጆሮውን አቁስለው ዝንብ ወርሶት ጥጃዋ ለሁለት ሳምንት ጭንቅላቷን ስታራግፍ ነበር።

---

የቢሾፍቱ ሐኪም፣ ጥቅምት 10

ስለ አበሳሱ እንግዲህ፣ ይህን ሳያነብ ማንም የታግ መቆንጠጫ እንዳይዝ።

ጆሮውን ከኋላ ዳብሱት። ከሥር ወደ ጫፍ የሚሄዱ ጠንካራ ዘንጎች አሉ። ታጉ የሚገባው ከላይ ባለውና በመሃለኛው ዘንግ መካከል ነው፤ ርዝመቱ ደግሞ ከጆሮው ሥር ጀምሮ ግማሽ ላይ። ወደ ጫፍ ካስጠጋችሁት አጥርና ግርግም ይይዘውና ጆሮውን ቀዶ ይወርዳል። ወደ ሥር ካስጠጋችሁት ሲያብጥ ይጨምቀዋል። ጆሮውን ወደ ፀሐይ ብታዞሩት የደም ሥሩ ቀይ ሆኖ ይታያል፤ ከሱ ሽሹ። መርፌውን በአዮዲን ንከሩት፣ ለየጥጃው እንደገና። ጥጃ ሲሆን በጆሮውና በታጉ መካከል ክፍተት ይኑር፣ ጆሮው ያድጋል። ጠዋት ብርድ ሳለ ሥሩ፤ ዝንቡ ሳይነሳ። ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ አይቸግራችሁም መቼም።

በሁለቱም ጆሮ አንድ ዓይነት ቁጥር አድርጉ። አንዱ ሲወድቅ ሌላው አለ። አውሮፓውያን ሁለት ታግ የሚያስገድዱት በዚህ ምክንያት ነው። የወደቀው ሲተካ ያው ቁጥር ታትሞ ይተካል እንጂ አዲስ ቁጥር አይሰጥም።

የሆልስቲን ዥጉርጉርነት ደግሞ እንደ አሻራ ነው፣ ሁለት አንድ ዓይነት የላችሁም። በግራና በቀኝ ጎኗ በስልክ ፎቶ አንሡ። ሁለቱም ታግ ከወደቀ ፎቶው ያወጣችኋል።

---

ሰንዳፋ ወተት፣ ጥቅምት 10

ክብ ታግ እንዳትገዙ። ሲዞር 66 99 ይሆናል። 86 ደግሞ 98። እኛ ገዝተን ተጃጅለናል። በእጅ በማርከር የሚጻፈውም ሁለት ክረምት አይሻገርም። በሌዘር የታተመ ይሁን።

---

ኮምፒውተር ክፍል፣ ጥቅምት 10

ኤክሴል የምትጠቀሙ ከሆነ ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። 00471 ብለሽ ስትጽፊ 471 ያደርገዋል፣ ዜሮውን ይውጠዋል። 03/11 ብለሽ ከጻፍሽ ቀን አድርጎ ይቀይረዋል፤ ከዚያ ወደ ቁጥር ልመልስ ብትዪ የማታውቂው አምስት አሃዝ ይመጣል። 15 አሃዝ ስትጽፊ ደግሞ "2.31ኢ+14" የሚል ነገር ያሳይሻል። ሁሉም አንድ መድኃኒት ነው ያላቸው፤ ከመጻፍሽ በፊት ዓምዱን "ቴክስት" አድርጊው። ከጻፍሽ በኋላ ማድረግ አይጠቅምም፣ የጠፋው ጠፍቷል።

---

መዝገብ ያዧ፣ ኅዳር 19 ቀን 2018

ይቅርታ ጠፋሁ። ተመልሼ ያደረግነውን ልንገራችሁ።

ሊቀመንበራችንን ማሳመን ከባድ ነበር። "ምንም የማይናገር ቁጥር ለምን ብር አወጣበታለሁ?" አሉኝ። የሰኔዋን ጊደር አነሳሁባቸው። ከዚያ የ75ቱን ነገር። ከዚያ ታግ ከሳቸው በረት አመጣሁ፤ አሮጌው ቢጫ ለቀበሌው "02" ይላል። "ይቺ ከየት ናት?" አልኳቸው። "ከ07 የገዛኋት" አሉ። ሳቁ። ፈረሙ።

ዩኒየናችን ኮድ አወጣልን፤ 14 ነን። @ሰንዳፋ ወተት፣ አንተም ከዩኒየንህ ጠይቅ፣ 14ን ግን እንዳትነካ። ታጉ ላይ ከላይ በትንሹ 14፣ ከታች በትልቁ አምስቱ አሃዝና ማረጋገጫው። በረት ውስጥ የሚጠራው ትልቁ ብቻ ነው። ዓመት የለም። ቀበሌ የለም። ደም የለም። አሮጌው በረት እንዳይቀየሙኝ የታጉን ቀለም ለፆታ አደረግነው፤ ለሴት ቢጫ፣ ለወንድ ሰማያዊ። ቁጥሩ ውስጥ ስለሌለ ብንሳሳት ታግ ነው የምንቀይረው፣ ቁጥሩ ያው ነው።

የድሮ ታጎችን አልነቀልንም። መዝገቡ ላይ "የቀድሞ ቁጥርና ቀለም" የሚል ዓምድ አለ። ሦስቱ 47ዎች አሁን ሦስት የተለያዩ ሴቶች ናቸው። አራተኛም 47 ተገኘች፣ ማን እንደለጠፈላት እስካሁን አይታወቅም።

ስም የሚል ዓምድም ጨምሬአለሁ። ጋሼ ደስ ይበልዎት። እስካሁን አሥራ አንድ ወይኒት፣ ዘጠኝ ቡሬ፣ አንዲት "ቀበጢት" አሉን። በር የዘጉብን እናታችን የላማቸው ስም መጻፉን ሲያዩ በሩን ከፈቱልን። ጆሮዋን የያዙትም ራሳቸው ናቸው።

እስከ ትናንት 138 ለጠፍን። 139ኛዋ ላይ የመቆንጠጫው መርፌ ተሰበረ። ቅያሪ አልያዝንም። አዲስ አበባ ብንጠይቅ ከሳምንት በኋላ ነው ያሉን።

---

ሰንዳፋ ወተት፣ ኅዳር 19

የእኛው መቆንጠጫ ሁለት ትርፍ መርፌ አለው። የታጉን ዓይነት በፎቶ ላኪልኝ፣ ከገጠመ ነገ ጠዋት በሚኒባስ ሹፌር እሰድልሻለሁ።

---

አዳቃዩ፣ ኅዳር 19

ያቺ የሰኔዋ ጊደር ያዘች እንዴ?

---

መዝገብ ያዧ፣ ኅዳር 20

አልያዘችም። በሐምሌ ተመልሳ ፈለገች። በሌላ ኮርማ አዳቀልናት፣ ባለፈው ሳምንት ተመርምራ ይዛለች። አዲሱ ቁጥሯ 00063 ነው፤ ማረጋገጫውን 14ን ጨምራችሁ ራሳችሁ አውጡት 😄

---

ፊደል ቆጣሪ፣ ኅዳር 20

1400063ን ለ11... 5 ይተርፋል።

---

መዝገብ ያዧ፣ ኅዳር 20

ታጉም 5 ነው የሚለው።